ከግንቡ ማዶ ያሉ አሥራ አንድ ቤቶች

ዛንዚባር፣ ረቢዑል አወል 20 ቀን 1325 ዓመተ ሂጅራ
በጀልባ አዛዡ በናኾዳ ሸሪፍ እጅ የተላከ

በአዛኙ በአላህ ስም። ሰላምታዬ ከባሕር አሸዋ በዝቶ ለብዋና ዛሂዲ ቤት ሰዎች ይድረስ፤ የተረፈ ሰው ካለ።

እኔ ዘመዳችሁ ሙሒዲን ቢን ኮምቦ፣ ዛንዚባር ከተቀመጥሁ ሠላሳ ዓመት የሆነኝ፣ ይህን የምጽፈው እንባዬን እየጠረግሁ ነው። ወደ አገራችን ኪዊንዳኒ በፖስታ የላክሁት ደብዳቤ ባለፈው መርከብ ተመልሶ መጣ። ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «ተቀባዩ ሞቷል» ይላል። የእኔ ብቻ መስሎኝ መስጊድ ደጃፍ ላይ የአገሬን ልጆች ብጠይቅ፣ የዘጠኝ ሰው ደብዳቤ እንዲሁ ቀልቶ ተመልሷል። ፈንጣጣ ገብቶ አገሩን ጠርጎታል ብለን ቆረጥን። ሦስት ፍየል አርደን፣ ቁርአን አስነብበን፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ስለ እያንዳንዳችሁ ቆሜ በጎ በጎውን ተናገርሁ፤ ለአንዳንዶቻችሁ በጎ ነገር ለማግኘት ብዙ ማሰብ ነበረብኝ።

ይህን የሚያነብ ነፍስ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደቀረ፣ ከባሕሩ በር ጀምሮ ቤት በቤት ይዘርዝርልኝ። የመጨረሻዎቹን ቤቶች እንዳይዘል። የሚተርፍ እጅ ከተገኘም በሎሚና በበርበሬ የተዘፈዘፈ ማንጎ አንድ ገንቦ ይላክልኝ። የዚህ አገሩ ጨው ብቻ ነው፣ እሳት የለውም።

ሐዘንተኛው ዘመዳችሁ
ሙሒዲን ቢን ኮምቦ

*

ኪዊንዳኒ፣ ረቢዑል ኣኺር 15 ቀን 1325

ለተከበሩት አያቴ ለብዋና ሙሒዲን፣ ሰላምና እዝነት በእርስዎ ላይ ይሁን። የምንጽፍልዎ ሟቾቹ ነን።

እኔ ሶሞኤ ነኝ፣ የቢ ታቱ የልጅ ልጅ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በሕይወት አለሁ፣ ምሳዬንም በልቻለሁ። አያቴ ቢ ታቱም አለች። ደብዳቤዎን ሳነብላት «ሦስት ፍየል ብቻ?» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምሁላት። 

የሞተው ብዋና ዛሂዲ ነው። እሱም የሞተው ከስድሳ ዓመት በፊት ነው። እርስዎ በቀብሩ ዕለት ሐልዋ ሰርቀው ተገርፈዋል ይባላል፤ እንዴት ረሱት? እናንተ ዛንዚባር ያላችሁ ትልልቅ ሰዎች የሴት ስም በደብዳቤ ጀርባ መጻፍ ነውር ነው ብላችሁ፣ ሁሉንም ቤቱን በሠራው ሰው ስም ትልካላችሁ። ቤቶቹን የሠሩት በሙሉ መቃብር ውስጥ ናቸው። የቀሩት ወንዶች ባሕር ላይ ናቸው። ለሙታን ትጽፉና ሙታን ሳይመልሱ ሲቀሩ ፍየል ታርዳላችሁ!

የፖስታ ቤታችን ሹም ሚስተር ኩቲኞ የሚባል የሕንድ የጎዋ ሰው ነው። ደግ ነው፤ ግን ደንብን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ፖስተኛው ኸሪ መንገድ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ የእኛ ቤት እንዲህ ነበር፦

«ብዋና ዛሂዲ አሉ?»

አያቴ ከፎቅ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ፣ «አላህ ይማራቸው፣ ሞተዋል!»

«መቼ?»

«እኔ ሳልወለድ!»

«ታዲያ ለማን ልስጥ?»

«ደጃፉ ላይ አስቀምጠው። እግር አውጥቶ አይሮጥ!»

«ደንቡ አይፈቅድም እሜቴ። ስምዎን ይንገሩኝና ወርደው ይፈርሙ።»

«ስሜን? በአደባባይ? ሂድና የእናትህን ስም በአደባባይ ጥራ፣ አንተ ጉደኛ!»

ኸሪም ሄዶ ይነግረዋል፣ ሚስተር ኩቲኞም ቀይ ቀለሙን ያነሳል። እንግዲህ የአገራችን ፈንጣጣ ይኸው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ በተውሁት። ነገር ግን የበላይ አለቆቹ «በኪዊንዳኒ ደብዳቤ ይላካል እንጂ አይደርስም» ብለው ጽፈዋል። ከአራት ወር በኋላ፣ በሻዕባኑ መርከብ፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል። መደርደሪያው ላይ ያልደረሰ ደብዳቤ ተከምሮ ካገኘ ፖስታ ቤቱ ይዘጋል፣ መርከቡም እኛ ዘንድ መቆሙን ይተዋል። እንደ ድሮው በዓመት አንዴ በጀልባ ናኾዳ ኪስ ሊሆን ነው።

አያቴ፣ የድሮውን አውቀዋለሁ። እናቴ ስትሞት ፖስታ ቤት አልነበረም። አባቴ ኤደን ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። መርዶውን የሰማው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጨርቅ ሲገዛላት፣ በመጣ ጀልባ ሁሉ ሲልክላት ነበር። ጨርቁ አሁንም ሳጥን ውስጥ አለ። ስለዚህ ይህ ፖስታ ቤት አይዘጋም።

ከሚስተር ኩቲኞ ጋር በፍርግርጉ ተነጋግረናል።

«ለሟች የመጣ ደብዳቤ ለወራሽ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?»

«ወራሽ መሆኗን የሚመሰክር ካለና በምስክሩ ፊት ከፈረመች ይሰጣል።»

«ምስክሩ ወንድ ይሁን ይላል?»

መጽሐፉን አወጣ። ገለጠ። ላቡን ጠረገ። «አይልም።»

«ዕድሜስ ይላል?»

«ኧረ እሱንም አይልም።»

«እንግዲያው ቅርጫት ላውርድልዎት፣ ደብዳቤውንና መዝገቡን ይጫኑልኝ።»

ፎቆቻችን በድልድይ እንደተያያዙ አልረሱም መቼም። ከባሕሩ በር ጀምሮ መንገድ ሳልረግጥ፣ በሴቶቹ ጓዳ በጓዳ ሃያ ሦስት ቤት አዳረስሁ። ሁሉም በሕይወት አሉ፤ ቢ ምዜ ጥርስ የላትም እንጂ አለች። ያልሞላልኝ የመጨረሻው ድልድይ ነው። በሩ በድንጋይና በኖራ ተደፍኗል። ከማዶው አሥራ አንድ ቤት አለ፤ ደህና ናቸው ይባላል። በመንገድ እንዳልሄድ፣ የጨዋ ልጅ ስትወጣ ከላይዋ ድንኳን የሚይዙ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ድንኳን ይይዙልን የነበሩት ባሮቻችን ነጻ ወጥተው የራሳቸውን ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ደግ አደረጉ።

በሩን ማን ደፈነው ብዬ ስጠይቅ አያቴ ድንገት ጆሮዋ ይደነቁራል። ቤቱ ግን የእርስዎ ነው አሉ። ፈቃድዎን ቶሎ ይላኩልኝ፣ አፈርሰዋለሁ።

ማንጎው በገንቦ ታሽጓል። ከፍየል ሥጋ ጋር ጥሩ ነው።

ሟቿ ልጅዎ
ሶሞኤ

*

ዛንዚባር፣ ጁማደል ኡላ 10 ቀን 1325

ለልጄ ለሶሞኤ፣ ምላስሽን አላህ ያሳጥረው፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

በሕይወት መኖራችሁን ስሰማ ሰገድሁ። የፍየሎቹ ዋጋ ግን አይመለስም። የሐልዋው ወሬ ውሸት ነው፤ ሰርቆ የተገረፈው ወንድሜ ነው።

ግንቡን በሚመለከት ፈቃድ የለኝም። አንደኛ፣ ቤቱን ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የደቡቡን ነፋስ ይከለክላል። ሦስተኛ፣ በሰፈሩ ዘንድ ለሥነ ሥርዓት የተሠራ ነው። የጨዋ ልጅ መዝገብ ይዛ ጓዳ ለጓዳ አትዞርም። መርፌና ክር ያዢ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

አንድ ነገር። «ደህና ናቸው ይባላል» ምን ማለት ነው? ማን ነው የሚለው? አንቺ በጆሮሽ ምን ሰማሽ? ከግንቡ ማዶ በማለዳ ሙቀጫ ይሰማል? እንዲያው ቤቱ የእኔ ስለሆነ፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው።

ማንጎው ደርሶኛል። አልቀመስሁትም። የማዶውን ቶሎ ጻፊልኝ።

ሙሒዲን ቢን ኮምቦ

*

ኪዊንዳኒ፣ ጁማደል ኣኺራ 5 ቀን 1325

ለተከበሩት አያቴ፣ ላልተገረፉት፣ ሰላሜ ይድረስዎ።

ለአንድ ግንብ ሦስት ምክንያት? እኔ እንኳ ሳህን ስሰብር አንድ ምክንያት ነው የማቀርበው። የደቡቡ ነፋስ በደቡብ ይመጣል፤ ግንቡ በሰሜን ነው። ግንበኛ ጠይቄ ነበር፤ ያ ግንብ ከራሱ በቀር የተሸከመው ነገር የለም አለኝ። ስለ ዝንቡ ደግሞ አያቴ እንዲህ በይው ብላለች፦ ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት።

ሙቀጫው ይሰማል። ጎህ ሲቀድ ይጀምራል። የምትወቅጠው ሴት መጀመሪያ ታዜማለች፣ ቀጥሎ ዶሮዎቿን ትሳደባለች፣ ከዚያ እንደገና ታዜማለች። ስድቧ ከዜማዋ ይበልጣል፤ ጥቂቱን ተምሬአለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በሚስተር ኩቲኞ መደርደሪያ ላይ ለማዶዎቹ ቤቶች የመጡ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤዎች አሉ። ተቆጣጣሪው እስኪመጣ አልመልሳቸውም ብሎኛል። ዝርዝሩን ስገለብጥ አንዱን የእጅ ጽሕፈት አወቅሁት። የዓሊፍን ፊደል እንደ ምርኩዝ የሚያጎብጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለሟቹ ለሼህ ፋማው ቤት ይላል። ያ ቀልቶ የተመለሰልዎትም ወደ እኛ ቤት የጻፉት አልነበረም፤ መዝገቡን አይቻለሁ።

በሼህ ፋማው ቤት የምትኖረው ልጃቸው ቢ ዙዌና ናት። የምትወቅጠውም እሷ ናት። የእርስዎ ሚስት።

አያቴ ጆሮዋ ስለደነቆረ ቢ ምዜን ጠየቅሁ፤ ጥርስ እንጂ ምላስ አልጎደላትም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከዛንዚባር ደብዳቤ መጣ አለችኝ። እርስዎ እዚያ ሁለተኛ አግብተው ኖሯል። ደብዳቤው የአዲሲቱ ሚስት ወንድም ለቢ ዙዌና የጻፈው ነው። ናኾዳው በሰፈሩ ማንበብ ለምትችለው ለብቸኛዋ ሴት ለአያቴ ሰጠ። አያቴም በድልድዩ በር ቆማ ለቢ ዙዌና አነበበችላት። እርስዎ መጥተው «ታቱ ቤቴን አፈረሰች» ብለው በሩን አስደፈኑና በዚያው ጀልባ ተመለሱ።

ይህን ለአያቴ ብነግራት ጆሮዋ ተከፈተ። «ደብዳቤው የእሷ ነበር። ለእሷ ሰጠሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው» አለች።

አያቴ ሙሒዲን፣ እኔ አልፈርድም፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ባልም የለኝም። ነገር ግን የእርስዎን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንድ ነገር ጽፈው ይጠብቃሉ። ቢ ዙዌና በሕይወት አለች። አሁን ያውቃሉ። ፈቃዱን ይላኩ።

ሶሞኤ

*

ኪዊንዳኒ፣ ረጀብ 8 ቀን 1325

ለተከበሩት አያቴ።

መርከብ መጣ፣ ሄደ። ከእርስዎ ምንም የለም። ኸሪን ሁለት ጊዜ ከረጢቱን አስገለበጥሁት። «እሜቴ፣ ከረጢት እንደ ካልሲ ነው፣ አንዴ ከተገለበጠ ተገለበጠ» አለኝ።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ትልልቆቹ ሰዎች መስጊድ በር ተሰብስበው «ሴት ፖስታ ስታመላልስ ዝናብ ይቀራል» ብለው ተማከሩ። በማግስቱ ዘነበ። አሁን ደግሞ የዘነበው በእሷ ጦስ ነው ይላሉ።

ያለ ፈቃድ የሰው ግንብ አላፈርስም፤ ሌባ ነች ብለው ያንኑ ሰበብ አድርገው ፖስታ ቤቱን ያዘጉታል። የቀረው አንድ መርከብ ነው።

ሶሞኤ

*

ዛንዚባር፣ ረጀብ 29 ቀን 1325

ልጄ ሶሞኤ፣ ሰላም ላንቺ።

አፍርሺው።

ባለፈው መርከብ ያልጻፍሁት ወረቀት ጠፍቶ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀመርሁ፣ ሦስቱንም ቀደድሁ። እዚህ ያገባኋት ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። ያኔ ልመለስ አሰብሁ፣ ፊቴን ምን ላድርገው? ፖስታ ቤት ተከፈተ ሲባል በደብዳቤ መጣሁ። በቀይ ቀለም ተመለሰልኝ። የሁሉንም ደኅንነት ቤት በቤት የጠየቅሁት የአንዷን መጠየቅ ቢያቅተኝ ነው። ፍየሎቹን ያረድሁት ለእሷ ነበር።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ለሟች አባቷ ስም የጻፍሁት ደግሞ በሕይወት ካለች ማን ይቀበለው ይሆን ብዬ እንኳ ሳላስብ ነው። እጄ የለመደውን ጻፈ።

ከዚህ ጋር በሁለት ምስክር የተፈረመ ፈቃድ አለ፤ ማንም ሌባ አይልሽም። ደብዳቤውን አልቀበልም ካለች አታስገድጃት። ለታቱም ንገሪያት። ምን እንደምትነግሪያት አላውቅም። አንቺ ታውቂበታለሽ።

ሙሒዲን

*

ኪዊንዳኒ፣ ሻዕባን 24 ቀን 1325

ለውዱ አያቴ ለሙሒዲን ቢን ኮምቦ፣ ሰላሜ በአዲሱ በር አልፎ ይድረስዎ።

ፈቃዱ በናኾዳ ሸሪፍ ጀልባ የደረሰው ሻዕባን 19 ነው፣ ተቆጣጣሪው ያለበት መርከብ ደግሞ በ22 ይጠበቅ ነበር። ለአያቴ ምን ልበላት ብዬ ሳስብ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ራሷ አነበበችው። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ዘነዘናውን አምጪ» አለች።

«አያቴ፣ ወገብሽስ?»

«ወገቤ ሠላሳ ዓመት አርፏል።»

መጀመሪያ እሷ መታች። ኖራው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ሦስተኛው ላይ ከማዶ ኳ፣ ኳ የሚል መልስ መጣ፣ ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ፦

«ቀስ በሉ! ድስቶቼ ከግንቡ ሥር ናቸው! ሠላሳ ዓመት ተኝታችሁ ከርማችሁ ዛሬ ምን አስቸኮላችሁ?»

«ድስትሽን አንሺ እንጂ!» አለች አያቴ።

«አንቺ ማነሽ እኔን የምታዢ?»

«ታቱ ነኝ!»

  ከዚያ ድስት ሲጎተት ሰማን፣ ቀጥሎም ከማዶ በኩል ዘነዘና ግንቡን መምታት ጀመረ። እሷ ከዚያ፣ እኛ ከዚህ። ቢ ምዜ ደግሞ ከኋላ ቆማ «በርቱ! በርቱ!» ትላለች፤ አንድ ድንጋይ አላነሳችም። ከሰዓት በኋላ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ። ሁለቱ በኖራ ነጭ ሆነው ተያዩ።

«ታቱ፣ አርጅተሻል።»

«አንቺም ያማረብሽ መስሎሻል?»

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አልጽፍም። እርስዎን አይመለከትም።

በሦስት ቀን አሥራ አንዱንም ቤት አዳረስሁ። ስለ ቢ ዙዌና ግን ልንገርዎት። ደብዳቤውን ሰጠኋት። ጀርባውን አየችው፣ ዓሊፉን በጣቷ ነካችው። «ላንብብልዎት?» አልኋት። «ያን ቀን የራሴን መርዶ በሰው አፍ ከሰማሁ ወዲህ ማንበብ ተምሬአለሁ» አለችኝ። አልከፈተችውም። መጀመሪያ መዝገቡን ጠየቀች። ሌሎቹ ሁሉ በአውራ ጣት ወይም «የእገሌ እናት» ብለው ነው የፈረሙት። እሷ ግን ዙዌና ቢንት ፋማው ብላ ሁለት መስመር የሚይዝ ስም ጻፈች። ሚስተር ኩቲኞ ሲያየው መነጽሩን አወለቀ።

ተቆጣጣሪው በቀኑ መጣ። ኸሪ እንደነገረኝ ከሆነ መደርደሪያውን በጣቱ ዳሰሰና ከአቧራ በቀር ምንም አላገኘም። መዝገቡን ገለጠ።

«ይህ ሁሉ የሴት ፊርማ ነው?»

«አዎ ጌታዬ» አለ ሚስተር ኩቲኞ።

«ምስክሩስ ማን ነው?»

«ሴት ናት ጌታዬ። ደንቡን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የሚከለክል የለም።»

ሰውየው ራሱ አነበበው። አራተኛ መሆኑ ነው። ሻይ ጠጣ፣ ፈረመ፣ መርከቡ ላይ ወጣ። ፖስታ ቤቱ አይዘጋም። ትልልቆቹ ሰዎች አሁን መስጊድ በር ቁጭ ብለው «እኛ እኮ ብለን ነበር» ይላሉ። ምን ብለው እንደነበር አልጠየቅኋቸውም፤ አክባሪ ልጅ ነኝ።

ቢ ዙዌና ደብዳቤዎን ስታነብ ሁለት ቀን ሆናት። ምን እንዳለበት አልጠየቅሁም፣ እሷም አልነገረችኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ሙቀጫዋን ጠጋ አድርጋ አስጠራችኝ። «እኔ መጻፉ ይቆየኝ፤ ለጊዜው አንቺ ይህን ጻፊለት» አለችኝ። ቃሏን እንዳለ አስቀምጫለሁ፦

«ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፈርሜ ተቀብያለሁ። ገና እያነበብሁት ነው። የሠላሳ ዓመት ነገር በአንድ መርከብ አይመለስም። ከእንግዲህ ስትጽፍ ግን ከላይ ስሜን ጻፈው፤ መርከበኛ ቢያነበው አላልቅም።»

ይኸው ነው። ሙቀጫዋን ቀጠለች።

እንግዲህ አያቴ፣ መቼ እንደምትጽፍልዎ እኔም አላውቅም። መርከብ በመጣ ቁጥር ሄደው ይጠይቁ። በእኛ በኩል ችግር የለም፤ ቅርጫቱ በገመዱ ላይ ነው፣ በሩም ተከፍቷል።

ሶሞኤ
የኪዊንዳኒ ፖስታ ቤት ምስክር